የሚያበራው ምኑ ነው? ስለ ፍሎረሰንት ፕሮብና ስለ ማይክሮስኮፕ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ሴል ምስሎች ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ፕሮብ የምንለው ሴል ውስጥ የምንፈልገውን ነገር እንዲያሳየን የምንጠቀምበትን የሚያበራ ሞሎኪዩል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን የቻልነውን ያህል እንመልሳለን። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፣ ጉዳዩ ስለሚያስፈልገው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ፍሎረሰንስ የሚባለውን መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሮጥ ሮጥ አድርጎ አለፈው፣ እኔም ዲያግራሙን ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ፣ ግን አልገባኝም። ሰማያዊ ብርሃን እያበራንበት አረንጓዴ የምናየው ለምንድነው? ቀለም መቀባት ከሆነ ደሞ ከተለመደው ቀለም በምን ይሻላል?

መልስ፦ ሞሎኪዩሉ አንድ ፎቶን ይውጥና ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው የኢነርጂ ደረጃ ይወጣል። እዛ ብዙ አይቆይም፣ ጥቂት ናኖሴኮንድ ነው፣ በዛች ጊዜ ውስጥ ከኢነርጂው ትንሽ በንዝረትና በሙቀት መልክ ያጣል፣ ከዛ የቀረውን ብርሃን አድርጎ ይለቀዋል። የተለቀቀው ፎቶን ከገባው ያነሰ ኢነርጂ ስላለው የሞገድ ርዝመቱ ይረዝማል፣ በቃ ሚስጥሩ ይሄ ነው። ለምሳሌ ብዙ ላብ ውስጥ ያለው ኢጂኤፍፒ የሚባለው ፕሮቲን 488 ናኖሜትር ሰማያዊ ወስዶ 507 አካባቢ አረንጓዴ ይሰጣል። በሚገባውና በሚወጣው መሀል ያለው ርቀት በጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ስም ይጠራል፣ ሰውዬው በ1852 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኩዊኒን ውህድ ለአይን በማይታይ አልትራቫዮሌት ሲመታ ሰማያዊ እንደሚያበራ ያሳየ ነው።

ይቺ ትንሽ ርቀት ባትኖር ማይክሮስኮፑ ራሱ አይሰራም ነበር። ፊልተሮቹ የላክነውን ሰማያዊ በሙሉ አግደው የተመለሰውን አረንጓዴ ብቻ ወደ ካሜራው ያሳልፋሉ፣ ስለዚ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። ከተለመደው ቀለም የሚሻለውም እዚህ ጋ ነው። ተራ ቀለም ከደማቅ ብርሃን ላይ ትንሽ ይቀንሳል፣ አንተ ደሞ ያቺን ትንሽ ቅናሽ ነው የምትፈልገው። ፍሎረሰንስ ግን ከጨለማ ውስጥ ብርሃን መፈለግ ነው፣ ኮከብ ቀን ቀንም ሰማይ ላይ አለ እኮ፣ የሚታየው ግን ማታ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ አንድ ነጠላ ሞሎኪዩል ሳይቀር ማየት የተቻለው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዝልኝ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆሙት። ምስሉ ላይ ያለው ብርሃን የፕሮቡ ብርሃን ነው። ፕሮቡ የት እንዳለ ይነግርሃል፣ የምትፈልገው ነገር እዛ መኖሩን ግን አንተ ነህ ማረጋገጥ ያለብህ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አረንጓዴ የምታበራ አይጥ ምስል አይተው "ቲቸር ይሄ ፎቶሾፕ ነው" ብለው ተከራከሩኝ። ጂኑ ከጄሊፊሽ የመጣ ነው አልኳቸው፣ ከዛ በላይ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። እንስሳዋንስ አይጎዳትም?

መልስ፦ ፎቶሾፕ አይደለም፣ ግን ተማሪዎቹም መጠርጠራቸው ጥሩ ነው። በመጀመሪያ አይጧ ጨለማ ክፍል ውስጥ በራሷ አታበራም፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባት ነው ቆዳዋ አረንጓዴ የሚሆነው፣ ጸጉሯ ደሞ አያበራም።

ታሪኩን ይንገሯቸው፣ ይወዱታል። ኦሳሙ ሺሞሙራ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት በ1961 በጋ ላይ አሜሪካ ዋሺንግተን ስቴት ውስጥ ፍራይደይ ሃርበር የሚባል ቦታ ሄዶ ኤኮሪያ ቪክቶሪያ የተባለውን ጄሊፊሽ ይሰበስብ ነበር። ይፈልግ የነበረው ካልሲየም ሲነካው ሰማያዊ የሚያበራውን ኤኮሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። ጄሊፊሹ ግን በህይወት እያለ የሚያበራው አረንጓዴ ነው፣ ምክንያቱም አጠገቡ ያለ ሌላ ፕሮቲን ኢነርጂውን ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። ይሄ ሁለተኛው በ1962 በወጣው ጽሁፍ ላይ እንደ ጎን ግኝት ነበር የተጠቀሰው፣ ዛሬ ጂኤፍፒ የምንለው እሱ ነው። ከዛ ሰላሳ ዓመት ገደማ ብዙም የፈለገው ሰው አልነበረም። በ1992 ዳግላስ ፕራሸር ጂኑን አውጥቶ ቅደም ተከተሉን አሳተመ፣ የጥናት ገንዘቡ ሲያልቅበት ጂኑን ለጠየቁት ላከላቸው፣ ማርቲን ቻልፊ በ1994 ባክቴሪያና ትንሿ ትል ውስጥ አስገብቶ ሲያበራ አሳየ፣ ሮጀር ቺየን ደሞ የበለጠ ደማቅና የተለያየ ቀለም ያላቸውን ሰራ። የ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለቺየን ሆነ። ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም፣ ፕራሸር በዛን ጊዜ ከሳይንስ ወጥቶ የመኪና መሸጫ ድርጅት ውስጥ ሹፌር ነበር። ይሄን ታሪክ ስጽፍ ሁሌም ያመኛል፣ ተማሪዎችዎ የሱንም ስም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ሳይንሱ ላይ ትልቁ ግርምት ፕሮቲኑ ለማብራት የጄሊፊሹን ሌላ ኢንዛይም አለመፈለጉ ነው። 238 አሚኖ አሲድ አለው፣ ከነሱ ውስጥ 65ኛው 66ኛውና 67ኛው ራሳቸው ተጠማዘው ቀለበት ይሰራሉ፣ የሚፈልጉት ከውጪ ኦክስጅን ብቻ ነው። ስለዚ ጂኑ የገባበት ሴል ሁሉ፣ ባክቴሪያም ይሁን ተክል ወይ አይጥ፣ ፕሮቡን ራሱ ይሰራል ማለት ነው። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖር ባክቴሪያ ውስጥ ግን አያበራም፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ጂኑ አልገባም ብሎ ይደመድማል።

ጉዳቱን በተመለከተ በመጠኑ ከሆነ እንስሳቱ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ ይዋለዳሉ። ከመጠን በላይ ከተመረተ ግን ሴሉን ሊያስጨንቅ ይችላል፣ ቀለበቱ ሲሰራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስለሚወጣም ጭምር። ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሲለጠፍ ደሞ ትንሽ ጭነት አይደለም፣ 27 ኪሎዳልተን (የሞሎኪዩል ክብደት መለኪያ) ነው፣ የተለጠፈበትን ፕሮቲን ስራ ሊያስፈታ ወይ ቦታውን ሊያሳስት ይችላል። ጠንቃቃ ላብ ዋናውን ጂን አጥፍቶ የተለጠፈበት ቅጂ ስራውን መተካት መቻሉን ሳያይ ምስል አያወጣም።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ቲሹ ላይ አንቲቦዲ ስቴይኒንግ እየሰራሁ ነው። ፕሮቲኔ አረንጓዴ ሆኖ በጣም ደስ በሚል ሁኔታ ታየኝና እየሮጥኩ ለአማካሪዬ አሳየኋት። እሷ "እስቲ ምንም ያልተቀባውን አሳየኝ" አለችኝ፣ ሳየው እሱም ያበራል! ሦስት ወር የሰራሁት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ አማካሪህ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችህ፣ ሁሉም አማካሪ እንደሷ ቢሆን ብዙ የታተሙ ጽሁፎች ባልታተሙ ነበር። ያየኸው አውቶፍሎረሰንስ ይባላል፣ ቲሹው ራሱ በተፈጥሮው የሚያበራው ነው። ሴል ውስጥ በኢነርጂ ስራ ላይ ያሉት ኤንኤዲኤችና ፍላቪኖች የሚባሉት ሞሎኪዩሎች ያበራሉ፣ ኮላጅንና ኤላስቲን ያበራሉ፣ እድሜ የገፋ ቲሹ ውስጥ የሚጠራቀመው ሊፖፈሲን ደሞ በሁሉም ቀለም ነው የሚያበራው፣ ተክል ከሆነ ክሎሮፊል ቀይ ይሰጣል። እኛም እንጨምርበታለን፣ ቲሹው እንዳይበላሽ ፊክስ ለማድረግ የምንጠቀመው አልዴሃይድ በተለይ ግሉታራልዴሃይድ ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ የሚያበራ ነገር ይፈጥራል።

አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ከሁሉ በፊት ሦስት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) ስራ። አንደኛው ያው አማካሪህ ያለችህ ምንም ያልተቀባ፣ ሁለተኛው ፕሮቲኑን የሚይዘውን የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ትተህ፣ ቀለሙን ተሸክሞ በመጀመሪያው ላይ የሚለጠፈውን ሁለተኛውን ብቻ ያደረግክበት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው አንቲቦዲ በራሱ ያገኘው ቦታ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፣ ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው ደሞ ፕሮቲኑ የሌለበት ቲሹ ነው፣ ጂኑ የተሰረዘበት እንስሳ ወይ ያንን ፕሮቲን እንደማይሰራ የታወቀ ሌላ ሴል። ሦስተኛው ላይ ካበራ አንቲቦዲው ሌላ ነገር ነው የያዘው፣ የኩባንያው ካታሎግ ላይ ምንም ቢጻፍ። አንቲቦዲ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይሄን ለራሱ ሳያረጋግጥ ወደ ምስል ባይሄድ እላለሁ፣ ስንት የተማሪ ዓመት የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ሁሉም በአንድ ዓይነት ሴቲንግ ይነሱ፣ ተመሳሳይ ኤክስፖዠር፣ ተመሳሳይ የሌዘር ኃይል። ለየብቻ ካስተካከልካቸው ኮንትሮሉ ራሱ ዋጋ የለውም፣ ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ባዶውንም ጎትቶ ያደምቅልሃል።

ከዛ ሲግናልህን ከባክግራውንዱ ለመለየት ቀላሉ መንገድ ቀለም መቀየር ነው። የቲሹ አውቶፍሎረሰንስ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊና አረንጓዴው ላይ ይበረታና ወደ ቀዩ ስትሄድ ይቀንሳል፣ ስለዚ በ640 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚቀሰቀስ ሩቅ ቀይ ቀለም ያለበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ብትገዛ ግማሹ ችግር ሊቀል ይችላል። ሩቅ ቀይ በአይንህ ብዙም እንደማይታይህ ግን እወቅ፣ ካሜራው ነው የሚያየው፣ በአይንህ አጮልቀህ ባዶ ነው ብለህ እንዳትጥለው። ሊፖፈሲን ከሆነ ሱዳን ብላክ የሚባለው ማቅለሚያ ይሸፍነዋል፣ ከአልዴሃይድ የመጣ ከሆነ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ይረዳል። አንቲቦዲው ያለቦታው የሚለጠፍ ከሆነ ደሞ ብሎኪንጉን (አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይለጠፍ ቀድሞ መሸፈኑን) አስተካክል፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ ከተሰራበት እንስሳ የተወሰደ ሴረም ተጠቀም። የአይጥ ቲሹ ላይ ከአይጥ የተሰራ አንቲቦዲ እየተጠቀምክ ከሆነ ሁለተኛው አንቲቦዲ የቲሹውን የራሱን አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው።

ሌላው ሁለት ቀለም አንድ ላይ ስትጠቀም የሚመጣ ነገር ነው። ዳፒ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ዲኤንኤ ላይ ተለጥፎ 461 ናኖሜትር ላይ በደንብ ያበራል ግን ጅራቱ ረጅም ነው፣ አረንጓዴው ቻናል ውስጥ ይገባል፣ እና ፕሮቲኔ ኑክለስ ውስጥ ገባ ብለህ ልትጽፍ ትችላለህ፣ ያየኸው ግን ዳፒውን ነው። አንዱን ቀለም ብቻ የቀባህበት ስላይድ አዘጋጅና በሁለቱም ቻናል አንሳው፣ ኮንፎካል ከሆነ ቻናሎቹን አንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ ስካን አድርግ። ሦስት ወሩን በተመለከተ ስላይዶቹ ካሉህ አትጣላቸው፣ ኮንትሮሎቹን ከሰራህ በኋላ ከባክግራውንዱ በላይ የቀረ ሲግናል ካለ እሱ ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ ተራው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ኮንፎካል፣ ቱ ፎቶን፣ ሱፐር ሪዞሉሽን... የትኛው ነው የሚሻለው? ለፕሮፖዛል አንዱን መምረጥ አለብኝ።

መልስ፦ የሚሻል የለም፣ ሳምፕልህ ነው የሚወስነው። አንድ ንብርብር ሆኖ ሳህን ላይ የተጣበቀ ሴል ከሆነ ተራው ይበቃሃል፣ ፈጣን ነው፣ ብርሃኑንም አያባክንም። ወፈር ያለ ቲሹ ከሆነ ከላይና ከታች ያለው ብርሃን ሁሉ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ያኔ ኮንፎካል። ማርቪን ሚንስኪ በ1957 ፓተንት ያመለከተበት ሃሳብ ነው፣ ብርሃኑ በአንድ ትንሽ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይደረግና ከፎከሱ ውጪ ያለው እዛው ይቀራል። ህይወት ያለው እንስሳ አንጎል ውስጥ በመቶዎች ማይክሮሜትር ጠልቀህ ማየት ከፈለግክ ቱ ፎቶን፣ ሁለት ደካማ ፎቶኖች በአንድ ጊዜ ተውጠው የአንዱን ስራ የሚሰሩበት ነው። ማሪያ ጎፐርት ሜየር በ1931 በስሌት የተነበየችው፣ ማይክሮስኮፕ ሆኖ የመጣው ግን በ1990 ነው።

ሱፐር ሪዞሉሽንን ጥያቄህ ከ200 ናኖሜትር በታች ካልሆነ አትጻፈው። ኧርንስት አቤ በ1873 ያስቀመጠው ወሰን እዛ አካባቢ ነው፣ ከዛ የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦችን ተራ ብርሃን አንድ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስቴድ፣ ፓልምና ስቶርም የሚባሉት የሱፐር ሪዞሉሽን ዘዴዎች ይሄን የሚያልፉት ሁሉም ሞሎኪዩሎች በአንድ ጊዜ እንዳያበሩ በማድረግ ነው፣ የ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ለቤትዚግ፣ ለሄልና ለመርነር የተሰጠው በዚህ መስክ ነው። ግን እንዲህ ሲጠጋ የአንቲቦዲው መጠን ራሱ ችግር ይሆናል፣ አንደኛና ሁለተኛ አንቲቦዲ አንድ ላይ ቀለሙን ከፕሮቲኑ ከ10 ናኖሜትር በላይ ሊያርቁት ይችላሉ። ሁለት ፕሮቲኖች ይነካካሉ ወይ ከሆነ ጥያቄህ ደሞ ፍሬት የሚባለውን አስብበት፣ ኢነርጂው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው የሚተላለፈው ከ10 ናኖሜትር በታች ሲቀራረቡ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ የአይን ሐኪሟ እጇ ላይ ቢጫ ቀለም ተወግታ የአይኗ ፎቶ እንዲነሳ አዟል። ጨረር ነው ብላ ፈርታለች። ከምትጽፉት ነገር ጋር ይያያዛል ወይ?

መልስ፦ እህቴ በደንብ ይያያዛል፣ ያው ሴል ላይ የምንጠቀመው ዓይነት ቀለም ነው። ፍሎረሲን ይባላል፣ አዶልፍ ፎን ባየር በ1871 የሰራው። በደም ስር ይገባና በሴኮንዶች ውስጥ አይን ጋ ይደርሳል፣ ሐኪሙ ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ካሜራው አረንጓዴውን ያነሳል፣ ደም ስሩ የሚያፈስበት ወይ የተዘጋበት ቦታ ግልጽ ብሎ ይታያል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም፣ ራዲዮአክቲቭም አይደለም፣ ብርሃን ብቻ ነው። ቆዳዋ ለጥቂት ሰዓት ቢጫ ሊል ይችላል፣ ሽንቷም ደማቅ ቢጫ ይሆናል፣ አትደንግጡ። አንዳንድ ሰው ለአጭር ጊዜ ያቅለሸልሸዋል። ከባድ አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ግን ይከሰታል፣ ስለዚ ከዚህ በፊት በመድሃኒት ወይ በዚሁ ቀለም ሰውነቷ ተቆጥቶ ከሆነ፣ አስምና የኩላሊት ችግር ካለባትም፣ ከመወጋቷ በፊት ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ህይወት ያለው ሴል ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው። መጀመሪያ ያምራሉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሴሎቹ ይኮማተሩና ይሞታሉ። ሌዘሩን ከፍ ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ በፍጹም! ዝቅ አድርጊው። የደበዘዘው ፎቶብሊቺንግ ነው፣ ሞሎኪዩሉ ደጋግሞ በብርሃን ሲቀሰቀስ በመጨረሻ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይሰበራል፣ በዚህ መሀል የሚፈጠሩት አደገኛ የኦክስጅን ዓይነቶች ናቸው ሴሉን የሚገድሉት። ከፍ ስታደርጊው ሁለቱንም ታፋጥኛለሽ። ሴሉ ምስሉ እንዲያምር ብሎ አልተፈጠረም፣ ከተጨነቀ በኋላ የምታይው ነገር ደሞ የጭንቀቱ ባዮሎጂ ነው፣ ያንን ቪዲዮ ማሳተም ሰው ማሳሳት ነው የሚሆነው።

የምስሎቹን ብዛት ቀንሺ፣ በየአስር ሴኮንዱ ነው የምታነሺው? ነገሩ በደቂቃ የሚለወጥ ከሆነ በየደቂቃው ይበቃል። ካሜራው በማያነሳበት ሰዓት ብርሃኑ መዘጋቱን አረጋግጪ። ኑክለሱን በምን ነው የቀባሽው? ዳፒ ህይወት ያለው ሴል ውስጥ በደንብ አይገባም፣ ሆክስት 33342 ይገባል፣ ግን በአልትራቫዮሌትና በቫዮሌት ብርሃን ስለሚቀሰቀስ ዲኤንኤውን ይጎዳል፣ ሩቅ ቀይ የሆነ የዲኤንኤ ፕሮብ ካገኘሽ እሱ ይሻላል። ሴሉ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፌኖል ሬድና ራይቦፍላቪን ባክግራውንድ ይጨምራሉ፣ የሌሉበትን ለቀረጻ ተጠቀሚ። 37 ዲግሪውና ካርቦንዳይኦክሳይዱ ትክክል መሆኑንም እዪ፣ አንዳንዴ ሌዘሩ ላይ የምንፈርደው ሴሎቹን ብርድ እየገደላቸው ነው።

ፕሮቡ ራሱ ሴሉን ሊረብሽ ይችላል። እንደ ፉራ-2 ያሉት የካልሲየም ፕሮቦች የሚሰሩት ካልሲየሙን ይዘው ነው፣ ስለዚ ብዙ ካስገባሽ ልትለኪው የፈለግሽውን ካልሲየም ራሱ ትይዢዋለሽ፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል። የማይቶኮንድሪያ ቀለሞች ብዙዎቹ የሚገቡት በሜምብሬኑ ቮልቴጅ ተስበው ነው፣ ቮልቴጁ ከወደቀ ማይቶኮንድሪያው እያለ የለም ይሉሻል። ዋናው ኮንትሮልሽ እዛው ሳህን ላይ ብርሃን ያልነካቸው ሴሎች ናቸው፣ እነሱ እየተከፋፈሉ ያንቺዎቹ ከቆሙ ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መድሃኒት የተሰጠው ሴል ካልተሰጠው የበለጠ ያበራል፣ በአይን ይታያል። ፕሮቲኑ ጨመረ ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ በአይን ስለታየ ብቻ አይጻፍም። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሴቲንግ፣ አንድ ላይ ተቀብተው ነው የተነሱት? ካሜራው ጣሪያ አልነካም? 12 ቢት ካሜራ 4095 ላይ ያበቃል፣ ከዛ በላይ ያለው ሁሉ እኩል ነው የሚሆነው፣ ልዩነቱ እዛ ጋ ይጠፋል። ባክግራውንዱ ተቀንሷል? ሴሉ መድሃኒቱ ገብቶበት ከተኮማተረ ያው ፕሮቲን ጠበበና ደመቀ እንጂ አልጨመረም። መድሃኒቱስ ራሱ አያበራም? ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድሃኒት ለምሳሌ በራሱ ቀይ ያበራል፣ ይሄን ለማወቅ መድሃኒቱን ሰጥተህ ቀለም ያልቀባህበት አንድ ሳህን ይበቃል።

እነዚህን ካለፍክ በኋላም የትኛው ስላይድ የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ጓደኛህ ይለካልህ፣ አይናችን የምንፈልገውን የማየት ዝንባሌ አለው። ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀምረህ በሌላ ቀን ድገመው፣ ከአንድ ሳህን ላይ 500 ሴል መቁጠር 500 ሙከራ አይደለም፣ አንድ ነው። ኮንትራስቱን ብታስተካክል ሁሉም ላይ እኩል ይሁንና ጽሁፉ ላይ ግለጸው። ሁለት ቀለም ስትደራርብ አረንጓዴና ቀይ ትተህ አረንጓዴና ማጀንታ አድርገው፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገር አንባቢ ብዙ ነው። ፋይሉን ለመለካት ጄፔግ አድርገህ እንዳታስቀምጠው፣ ቁጥሮቹን ይለውጣቸዋል፣ ከማይክሮስኮፑ የወጣውን ኦሪጅናል እንዳለ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።